ከግሽ ዓባይ እስከ ባዝ ከተማ

ወደ ብሪታንያ የሚሄድ እንግዳ በለንደን የነገሥታቱን የጥንት ግንብና የዌስትሚንስተርን ታላቅ ደብር፣ በኤዲንብራ በዓለት ራስ ላይ የተሠራውን ምሽግ፣ በባዝ ሮማውያን ያነጹትን የፍል ውሃ መታጠቢያ፣ በኦክስፎርድም የሊቃውንቱን ማኅበር ቤቶችና መጻሕፍት ቤቶች ሳያይ እንዳይመለስ ይመከራል፤ ምክሩም መልካም ነው። ነገር ግን ከቡሬ፣ ከማንኩሳ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከሰከላ የወጣ ሰው በእነዚያው ከተሞች ሲዘዋወር፣ የመንገደኛ መምሪያ መጽሐፍ በአንድ መስመር የሚያልፋቸውን፣ ለእርሱ ግን የገዛ አገሩ ታሪክ ክፍል የሆኑትን ሥፍራዎች ያገኛል። የዚህም ምክንያቱ ምዕራብ ጎጃም ሁለት ጊዜ፣ በመጀመሪያ በዓባይ ምንጭ፣ ኋላም በስደተኛው ንጉሥ መመለስ፣ ከብሪታንያ ሰዎች ታሪክ ጋር በብርቱ ስለ ተያያዘ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳና በቡሬ አልፎ ጥሊሊ ሲደርስ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚገነጠለውን የያዘ ተጓዥ፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበትን ደጋ እያቋረጠ በሰከላ ወረዳ ግሽ ዓባይ ከምትባለው ከተማ ይገባል። ምንጩ ያለው ከግሽ ተራራ ሥር፣ ረግረግ በሆነ መስክ ዳር ነው። ግብጽን የሚያጠግበው ውሃ በዚህ ሥፍራ ልጅ ተራምዶ የሚሻገረው ጅረት ሆኖ ይጀምራል፤ ከዚያም ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፣ በባሕር ዳር በኩል ወጥቶም ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በኦሪት ዘፍጥረት በሁለተኛው ምዕራፍ ከገነት ከሚወጡት አራቱ አፍላግ መካከል ግዮን የተባለው ይህ ነው ብለው ያስተምራሉ። የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ገድል ደግሞ፣ ጻድቁ በንጉሥ ጭፍሮች ተይዘው ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውሃ አደራ ሰጥተው እንደ ነበረ፣ ከእስራት ተፈተው በተመለሱም ጊዜ ውሃው መጻሕፍቱን ሳያረጥብ እንደ መለሰላቸው ይተርካል። ጥር 13 ቀን በሚከበረው በዓላቸው ከቅርብም ከሩቅም የሚመጣው ተሳላሚ ጠበሉን ይጠጣል፣ ይጠመቃል፣ የተረፈውንም በጀሪካን እየቀዳ በቤቱ ለቀሩት ሕሙማን ይወስዳል።

ይህን ምንጭ ለማየት የጥንት ነገሥታት ተመኝተው ሳይሆንላቸው ቀርቷል። ከአውሮፓ መጥተው አይተው ከጻፉት ሰዎች ቀዳሚው የእስጳንያው ተወላጅ መነኩሴ ፔድሮ ፓኤዝ ሲሆን፣ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሲጓዝ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1618 በግሽ ቆሞ፣ ቂሮስና ካምቢስ፣ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሣር ሊያዩት የተመኙትን ለማየት በመብቃቱ እንደ ተደሰተ በጽሑፉ ገልጧል። ከእርሱም በኋላ የፖርቱጋሉ ተወላጅ ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ ምንጩ ጽፏል። የሎቦ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ከታተመ በኋላ፣ በበርሚንግሃም ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ድኻ ወጣት ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1735 ታተመ፤ ያም ወጣት ኋላ የእንግሊዝኛን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለ አገራችን በተጻፈ ነገር መሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1759 ደግሞ ራሴላስ የተባለውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ መድረሱ፣ በለንደን ጎፍ አደባባይ ያለውን ቤቱን ለሚጐበኝ ኢትዮጵያዊ ሊታወሰው የሚገባ ነው። መዝገበ ቃላቱ የተዘጋጀበት የላይኛው ክፍል ዛሬም ለጐብኝ ክፍት ነው።

የግሽን ዜና በብሪታንያ ይበልጥ ያስተጋባው ግን የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ወርዶ በማግሥቱ ዓመት ጐንደር ሲገባ፣ በዙፋኑ የተቀመጡት ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት፣ ሥልጣኑን የጨበጡት ደግሞ ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ፤ ዘመነ መሳፍንት የተባለውም የመከራ ዘመን ጀምሮ ነበርና የዳሞቱ ባላባት ፋሲል ፈቃድና መሪ ባይሰጡት ኖሮ ወደ ግሽ መድረስ ባልቻለም ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ከኮረብታው ላይ ሆነው መሪው ምንጩን ባሳዩት ጊዜ፣ የአገሬው ሰዎች ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ውሃው እንዳይቀርብ አስጠነቀቁት። እርሱም ጫማውን ጥሎ ቁልቁለቱን ሲሮጥ በአበባ ሥሮች ተደናቅፎ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሣር ከለበሰችው ከትንሿ መደብ ሲደርስም ከምንጩ ቀድቶ ስለ ንጉሡ ስለ ሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ። በዚያም ከአባት ወደ ልጅ በወረደ ሥርዓት ምንጩን ይጠብቁ የነበሩት ክፍለ ዓባይ የተባሉት ሽማግሌ ተቀብለው አስተናገዱት።

የብሩስን ድፍረትና ትዕግሥት ማንም አይክድም፤ የዘመኑን የጐንደር ቤተ መንግሥት ኑሮ እንደ እርሱ አስፍቶ የጻፈልን የውጭ ሰው የለም። ሆኖም በሁለት ነገር በደለ። ፓኤዝና ሎቦ ከእርሱ በፊት ምንጩን አላዩም ብሎ ተከራከረ፤ አብሮት ግሽ ድረስ የወጣውንና በጐንደር ሞቶ የቀረውን የቦሎኛውን ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ደግሞ ከጉዞው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ይህንም ያደረገው ክብሩን ብቻውን ለመያዝ ነው። በአገሩም መልካም አልጠበቀውም። ወደ ለንደን በተመለሰ ጊዜ ብዙዎች የተናገረውን አላመኑትም፤ ከማያምኑትም አንዱ የሎቦን መጽሐፍ የተረጐመው ጆንሰን ነበር። በዚህ አዝኖ ወደ ርስቱ ወደ ኪኔርድ ከገባ በኋላ የጉዞውን ታሪክ በአምስት ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1790 በኤዲንብራ አሳተመ፤ ከአራት ዓመትም በኋላ በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። በወጣትነቱ የተሣለው ሥዕሉ በኤዲንብራ በስኮትላንድ የሥዕል ቤተ መዘክር ይታያል።

ከዓባይ ምንጭ ዜና ይልቅ ዋጋው የከበረው የብሩስ ሸክም መጻሕፍቱ ናቸው። ከሌላው ዓለም ሙሉ ንባቡ ጠፍቶ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረውን መጽሐፈ ሔኖክን በሦስት ቅጂ ይዞ ወጣ፤ አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ መጻሕፍት ቤት፣ አንዱን በኦክስፎርድ ላለው ለቦድሊ መጻሕፍት ቤት ሰጠ። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ የሚጠቅሰውን ይህን መጽሐፍ የአውሮፓ ሊቃውንት የጠፋ ነው ብለው ለዘመናት ሲያዝኑ፣ የእኛ ደብተራዎችና መምህራን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ቆጥረው ያነቡት ነበር። ሪቻርድ ሎረንስ የተባለው ሊቅ ከዚያው ከቦድሊ ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1821 በኦክስፎርድ አሳተመው፤ ከዚያም ወዲህ ስለ ሐዲስ ኪዳን ዘመን የሚመረምር ሊቅ ሁሉ ወደ ግዕዙ ሳይመለስ ሥራውን አይፈጽምም። እንግዲህ ወደ ኦክስፎርድ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የሕንፃውን ውበት ሲያደንቅ፣ በዚያ ብራና ላይ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርፆ፣ ፊደሉን የጣለው ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ የአገሩ ልጅ እንደ ሆነ ያስብ።

ሁለተኛው ታሪክ በባዝ ይጀምራል። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት ሄደው በመጨረሻ በባዝ ከተማ ዳር ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዝተው ከእቴጌ መነንና ከቤተሰባቸው ጋር ተቀመጡ። በዚያ ቤት ሲኖሩ ገንዘብ አጥሯቸው፣ የአገራቸውንም ጩኸት የዓለም መንግሥታት ማኅበር ቸል ብሎባቸው፣ በጸሎትና በጽሕፈት ይተጉ ነበር፤ ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ የተባለውን መጽሐፋቸውን ያጻፉት በዚያው ዘመን ነው። ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በገጠመች ጊዜ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ በአውሮፕላን ወደ ሱዳን አለፉ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግሥት፣ በቃና ዘገሊላ በዓል፣ በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በምዕራብ ጎጃም የሚያልፍ ነበር፤ መንገዱንም አስቀድመው ጠርገው የጠበቁት የጎጃም አርበኞች ናቸው። ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀንበሬ፣ ልጅ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ፣ እያንዳንዳቸው በየአገራቸው፣ ያለ ደመወዝና ያለ ስንቅ ጠላትን በየምሽጉ ዘግተውት ኖረዋል። የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም ገብቶ በሰከላ አገር፣ ያው ብሩስ ጫማውን በጣለበት ደጋ፣ ሰፈሩን ተክሎ በነጋሽና በመንገሻ መካከል የነበረውን ቅያሜ አስታረቀ። ኋላም የእንግሊዙ መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ያሉበትን፣ ከሁለት ሺህ የማይበልጠውን ጦር ይዞ መጣ፤ በመጽሐፈ መሳፍንት በሦስት መቶ ሰው ምድያምን ድል በነሣው በጌዴዎን ስም ሰየመው። ስንቁን የተሸከሙት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ግመሎች የደጋውን ብርድና አቀበት አልቻሉትምና ሁሉም ማለት ይቻላል በመንገድ አለቁ።

ቡሬ በዚያ ጊዜ የጠላት ዋና ምሽግ ነበረች። የጌዴዎን ጦር በየካቲት 1933 ዓ.ም. በቡሬና በማንኩሳ ዙሪያ ያሉትን ምሽጎች በሌሊት እየከበበ ሲያስጨንቅ፣ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ እየተጣራ የጠላትን የሐበሻ ወታደሮች ወደ ንጉሣቸው እንዲገቡ ይሰብካቸው ነበር። የኢጣልያው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ብዙ እጥፍ ጦር ይዞ ሳለ፣ መንገዱ እንዳይቈረጥበት ፈርቶ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቀቀ፤ በሁለተኛውም ቀን ከደምበጫ አጠገብ በቁጥር እጅግ ካነሰው ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ገጥሞ፣ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ጃንሆይም ቡሬ ገብተው ከሰነበቱ በኋላ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከእኒሁ ንጉሥ ነው።

ስለዚህ ዘመቻ በእንግሊዝኛ የተጻፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ዊንጌትን ከፊት አቁመው አርበኞቹን ከኋላ ያሰልፋሉ። እኔ አሰላለፉ ሊገለበጥ ይገባል እላለሁ፤ አምስት ዓመት ሙሉ በየጫካው የተዋጋ ገበሬ ባይኖር ኖሮ፣ ሁለት ሺህ ሰው ያን ያህል ምሽግ ባላስለቀቀም ነበር። ይህ ሲባል የእንግሊዞቹ ውለታ አይረሳም፤ በአዲስ አበባ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በስሙ ተሰይሟል። በዘመቻው አብሮ የነበረው፣ በአዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ያነሣቸው ፎቶግራፎችም በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። የማንኩሳን ስም በፍቅር እስከ መቃብር ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ፣ እርሳቸውም አርበኛና በኢጣልያ እስረኛ የነበሩት፣ ኋላ በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ባዝ ተመልሰው የከተማይቱ ሰዎች በክብር ተቀበሏቸው፤ ከአራት ዓመትም በኋላ ፌርፊልድን ለከተማይቱ አረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን በስጦታ ሰጡ። ቤቱ እስከ ዛሬ የአረጋውያን መሰብሰቢያ ከመሆኑም በላይ ከሩቅ አገር የሚመጡ ጐብኝዎች ይሳለሙታል። የባዝ ሰዎች ለአራት ዓመት ያስጠለሉትን እንግዳ ቤት እንዲህ ከጠበቁ፣ ያ እንግዳ ወደ መንበሩ የተመለሰበት መንገድ ያለፈባቸው ቡሬ፣ ማንኩሳና ደምበጫ የሚሠሩት ሥራ ይበልጥባቸዋል። ምሽጉ የነበረበት ኮረብታ፣ የወደቁት የተቀበሩበት ቦታ በየሥፍራው ይመርመር፤ የአርበኞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች በቃል የያዙት ሳይጠፋ ይጻፍ፤ ሐውልት ከሌለ ይተከል፣ ካለም ይጠበቅ፤ የየትምህርት ቤቱ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይሂዱ። በብሪታንያ የምትኖሩ ወገኖችም በዕረፍት ቀናችሁ ልጆቻችሁን ፌርፊልድ አድርሱ፤ ወደ አገር ስትመጡ ደግሞ ሰከላን አትለፉ። ወደ ግሽ የምትሄዱ ሁሉ ግን በማለዳ፣ እህል ሳትቀምሱ ሂዱ፤ የበላ ሰው ወደ ምንጩ እንዲገባ ሥርዓቱ አይፈቅድምና።