ነፃ የነበረው የአየር መንገዶች ፕሮግራም

የአውሮፕላን መቀመጫ በኮምፒዩተር መመዝገብ ከተጀመረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ታሪኩ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው የመኪናዎቹ ግዙፍነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የፈለግሁት ግን ብዙም ያልተነገረለትን ጉዳይ፣ ይኸውም የፕሮግራሙ ምንጭ በማን እጅ እንደነበረና ማን ይጠብቀው እንደነበረ ነው።

በ1953 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒውዮርክ ሲበሩ ከአይ.ቢ.ኤም. የሽያጭ ሠራተኛ ከብሌር ስሚዝ ጋር ተገናኙ። ከዚያ ጭውውት የተጀመረው ሴበር የተባለው ሥርዓት በ1964 ሙሉ ሥራውን ያዘ። በኒውዮርክ ግዛት በብራያርክሊፍ ማነር የተተከሉት ሁለት 7090 ኮምፒዩተሮች ሲሆኑ፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው በተጠባባቂነት ይቆም ነበር። ዴልታና ፓን አሜሪካንም ከዚሁ ኩባንያ ተመሳሳይ ሥርዓት አሠሩ፤ ሆኖም የዴልታው በ7074፣ የፓን አሜሪካን ደግሞ በ7080 ላይ የተጻፈ ስለነበረ የአንዱ ፕሮግራም ለሌላው አይሆንም ነበር። ለአንድ ሥራ ሦስት ጊዜ መድከም ማለት ነው።

መፍትሔው የመጣው ሲስተም 360 ከተባለው የኮምፒዩተር ቤተሰብ ጋር ነው። አይ.ቢ.ኤም. ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ አየር መንገዶች ጋር ተባብሮ በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤ.ሲ.ፒ. የተባለውን የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ያለ ክፍያ አደለ። የአሠራሩ ዘዴ ቀላልና ጥብቅ ነበር። የኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ 381 እና 1055 ባይት በሚይዙ ቋሚ ክፍሎች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ መልእክት ባዶውን ክፍል ማንሣት እንጂ ልኩን መፈለግ የለም። ፍጥነቱ የተገኘው ከዚህ ነው።

ነፃ መሆኑ ግን ወጪ የለውም ማለት አልነበረም። በአሴምብለር ቋንቋ የሚጽፍ ባለሙያ መቅጠር ያስፈልግ ነበር፤ ፕሮግራሙን እንደ ፍላጎቱ የለወጠ አየር መንገድም አዲስ እትም በመጣ ቁጥር ያንኑ ለውጥ እንደገና ማስገባት ግድ ይሆንበታል። በ1979 ቲ.ፒ.ኤፍ. የተባለው ተተኪ በዋጋ የሚሸጥ ሆኖ ቀረበ፤ የነፃው ዘመንም በዚሁ አበቃ።

ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ምንጩ ለሁሉም የተከፈተ የአየር መንገድ ፕሮግራም እንደገና ብቅ አለ። ስታንዳርድ ኤር ልንለው የምንችለው ላይብረሪ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሲሆን፣ በረራን፣ የበረራ ክፍልንና የመቀመጫ ማዕረግን የሚወክሉ መዋቅሮችን ይሰጣል። ትኬት አይሸጥም፤ ለጥናትና ለማስመሰያ ሙከራ የታሰበ ነው። በእርሱ ላይ ከሚቆሙት አንዱ ገቢን የሚያሰላ ላይብረሪ ሲሆን፣ የስሌቱ መነሻ የቢ.ኦ.ኤ.ሲ. ባልደረባ ሊትልውድ በ1972 ያቀረቡት ደንብ ነው። ለምሳሌ ውዱ ትኬት 10,000 ብር፣ ርካሹ 4,000 ብር ቢሆን፣ መቀመጫው በውዱ ዋጋ የመሸጡ ዕድል ከመቶ 40 እስከበለጠ ድረስ ርካሹን መሸጥ አይገባም።

ይህን ላይብረሪ ለመጫን መጀመሪያ ሲሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያ፣ ከዚያም ቡስትና ሶሲ የተባሉት ላይብረሪዎች መገኘት አለባቸው። እስከዚህ ድረስ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ቡስት በአዲስ እትም ሲተካ ነው፤ ያን ጊዜ በእርሱ ላይ የቆመው ሁሉ ከሥሩ እንደገና መገንባት ይኖርበታል። በእኔ አስተያየት እያንዳንዱን እትም በየራሱ ማውጫ ማስቀመጥና በሥራ ላይ ያለውን በመጠቆሚያ ማያያዣ ማመልከት ይሻላል፤ አዲሱ ቢሰናከል ወደ አሮጌው መመለስ የደቂቃ ጉዳይ ይሆናልና። በቤት ውስጥ የተደረገ ለውጥም ከዋናው ምንጭ ተለይቶ በራሱ ፋይል ይያዝ፤ የሚጠቅም ከሆነ ለአዘጋጆቹ ይላክ። የተቀበሉት እንደሆነ በየእትሙ እየደጋገሙ ከማስገባት ያድናል፤ የኤ.ሲ.ፒ. ተጠቃሚዎች ያላገኙት ዕረፍት ይህ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ለማስገባት ያሰበ ባልደረባ ከመጫኑ በፊት ይህን ሥራ በቋሚነት የሚይዝ ሰው በስም ይመድብ፤ አለዚያ ቢቀርበት ይሻላል።

በዋጋ የሚሸጠው የቲ.ፒ.ኤፍ. ወራሽ ዛሬም አለ። በ2005 የወጣው እትሙ ፕሮግራሞቹ የሚገነቡት ጂ.ኤን.ዩ. በተባሉት ነፃ መሣሪያዎች እንዲሆን አስገድዷል።