ሞት፣ ቸነፈርና እምነት በደብረ ብርሃንና በአንኮበር

ሞት የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ዕጣ ቢሆንም፣ ስለ ሞት ያለው እምነት እንደየአገሩና እንደየዘመኑ ይለያያል። የጥንት ግብፃውያን ሟቹ በዚያኛው ዓለም ፍርድ ፊት ሲቆም እንዲረዱት በማለት የጸሎት ጽሑፎችን አብረው ይቀብሩ ነበር። ግሪኮች የሙታንን ነፍስ ወንዝ የሚያሻግር ጀልባ ቀዛፊ አለ ብለው ያምኑ ነበር። በኢትዮጵያም «ልፋፈ ጽድቅ» የተሰኘው የግዕዝ ጽሑፍ ከአስከሬን ጋር ይቀበር ነበር፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ዋሊስ በጅ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ከግብፃውያን የሙታን መጽሐፍ ጋር አነጻጽሮታል። ይህ ሁሉ የታሪክና የሃይማኖት ምሁራን ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር ማን ታማሚውን እንደሚያስታምም፣ ማን ሟቹን እንደሚቀብር፣ ማንስ ጥፋተኛ ተደርጎ እንደሚቆጠር በአብዛኛው የሚወስነው ሕዝቡ ስለ ሞት ያለው እምነት ነው።

የሰሜን ሸዋ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው በሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ እንደሆነ ዜና መዋዕሉ ይተርካል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። የብርሃን ደብር የተባለችው ከተማ ግን ከጨለማው አላመለጠችም። ብርቱ ቸነፈር ገብቶ ብዙ ሕዝብ ከማለቁ የተነሣ ቀባሪ እስከ መታጣት ተደረሰ። ንጉሡም በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ምክንያቱም ቸነፈርና ረሃብ ስሙ ወደሚጠራበት ስፍራ እንዳይደርሱ ለሰማዕቱ ቃል ኪዳን ተሰጥቶታል ተብሎ ይታመናል። ከዚህም ጋር ሕዝቡ በአንድነት እየተሰበሰበ፣ ጸሎት እየተደረገና ጠበል እየተረጨ ሙታኑን እንዲቀብር አዘዘ።

ይህ ትእዛዝ በዛሬው የሕክምና ዕውቀት ሲመዘን ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ ከነበረ፣ ለቀብር መሰብሰቡ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችል ነበር። በሌላ በኩል ግን ያልተቀበረ አስከሬን የበዛበት ከተማ የሚበተነው በበሽታው ብቻ ሳይሆን በፍርሃትም ነው። ወገኑን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ሟቹን ብቻ ሳይሆን ውኃ የሚያቀብለው ያጣውን ታማሚም ይተዋል። ከበሽታው የሸሹት ሰዎች ንክኪ አደገኛ መሆኑን ተገንዝበው ነበር። ትእዛዙ ደግሞ ሟችን አለመተው ግዴታ መሆኑን አጸና። ሁለቱም እውነት ይዘው ነበር፤ የጎደለው ሁለቱን የሚያስታርቅ ዕውቀት ነበር።

በአውሮፓም ሁኔታው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ከ1347 ጀምሮ ጥቁሩ ሞት ሲዛመት ሕዝቡ ቅዱስ ሴባስቲያንን ይማጸን ነበር። የራጉዛ ከተማ በ1377 ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጡ መንገደኞች ለ30 ቀናት ተለይተው እንዲቆዩ ደነገገች። በዚያው ዘመን ግን ጉድጓድ ውኃ መርዘዋል በሚል ሐሰተኛ ክስ ብዙ አይሁድ ተገደሉ።

ሞትን በሰው ላይ የማሳበብ ልማድ በአንኮበር አካባቢም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ነገሥታት መዲና በነበረችው በዚህች ከተማ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች በቡዳነት ይታሙ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባልባቸው ነበር። የሚያርሱበትን ማረሻ የሠራላቸውን፣ የሚያበስሉበትን ድስት ያበጀችላቸውን ሰዎች ልጅ ሲሞትባቸው በበሉብን ስም ይወነጅሏቸው ነበር። አንዱ እምነት ሰዎችን ለቀብር ሲሰበስብ፣ ሌላው ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያል ማለት ነው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ የቀባሪ እጦት በአዲስ አበባ ተደገመ። የዚያ መከራ ትዝታ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ በማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» በሚባለው ልማድ ውስጥ ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ ሲዛመት፣ አስከሬን ማጠብና መንካት ዋነኛ የመተላለፊያ መንገድ ሆኖ ተገኘ። አስከሬኖች ያለ ቤተሰብና ያለ ጸሎት በተወሰዱበት ጊዜ ሕዝቡ ሕመምተኞቹንና ሙታኑን መደበቅ ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሃይማኖት መሪዎች ጋር ተመካክሮ ከበሽታ የተጠበቀና ክብር ያለው የቀብር መመሪያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በደብረ ብርሃን ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት የተነሣው ጥያቄ ለዛሬውም ሐኪም ያው ነው፤ ሕያዋን ሳይጎዱ ሙታን በክብር የሚሸኙት እንዴት ነው? መልሱ ያለ ካህኑ፣ ያለ ሼኩና ያለ ዕድሩ ተሳትፎ አይገኝም። በመሆኑም ባለሙያው ወረርሽኝ ከመድረሱ አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር ሊመካከር ይገባዋል። ሞትን በጎረቤት የሚያሳብበውን እምነት በዕውቀት መርታት፣ ለቀብር የሚሰበስበውን ደግሞ ከአደጋ ጠብቆ ማቆየት የሕክምና ሙያ ድርሻ ነው።