ጡረታ ያልወጡ ማሽኖች

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለሠራተኛው ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። መግባቱ ቀላል ነው። ከመዝገብ መሰረዙ ግን ኮሚቴ ይፈልጋል፣ የዋጋ ግምት ይፈልጋል፣ ፊርማ ይፈልጋል። ስለዚህ በደብረ ታቦርም ሆነ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ጽሕፈት ቤቶች ያረጀ ኮምፒውተር የሚጠብቀው ዕጣ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ ግምጃ ቤት ገብቶ አቧራ ይለብሳል፣ ወይ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ተጠግኖ ይቀጥላል። የሁለተኛው ዕጣ ታሪክ ከኮምፒውተርም በፊት ይጀምራል።

ደብረ ታቦር ከማሽን ጋር የተዋወቀችው ቀድማ ነው። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን የእጅ ባለሙያ አድርገው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ባለሙያዎቹ ግን ከመቅደላው ጦርነት በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ከእነሱ መካከል ዋልድማየር ሊባኖስ፣ ሞሪትዝ ሆል ያፋ ከተሙ። ማሽኑ ቀረ፣ እጁ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በደጋው የገቡት ማሽኖች ነገር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ማሽኑ ከውጭ ይመጣል፤ የሚያቆየው እጅ ግን የአገር ልጅ ነው።

ለቢሮው ሰው የመጀመሪያው ማሽን የጽሕፈት መኪና ነበር። ከፊደሉ ጋር ሲገናኝ ግን ወዲያው የቁጥር ችግር ገጠመው። 33ቱ ዋና ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ፣ ቋና ኳ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋል። የላቲኑ ታይፕራይተር ከ50 የማይበልጥ ቁልፍ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የሚይዘውም ሁለት ምልክት ብቻ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት መላ ዘየዱ፤ የፊደሉን አካልና የቤቱን ቅጥያ ለያይቶ በየቁልፉ ማስቀመጥ። ጸሐፊው መጀመሪያ አካሉን ይመታል፣ ከዚያ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ ይጨምርበታል። ቅጥያው አንዳንዴ ከአካሉ ራቅ፣ አንዳንዴ ዘመም ይላል። ብራና ላይ ያደገ ዓይን አይወደውም ነበር፤ ደብዳቤው ግን ይነበባል።

በኋላ እንደ ጣሊያኑ ኦሊቬቲ ያሉ ኩባንያዎች የአማርኛ መኪና እየሠሩ ሸጡ፤ መኪናውም የቢሮ ዕቃ ሆነ። ሪባኑ ሲደርቅ ቀለም ይጠጣል፣ የተነቀለው ፊደል ይበየዳል፣ የጠነከረው የወረቀት ጎማ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። መብራት አይፈልግም። ኮምፒውተር ከገባ በኋላም በፍርድ ቤት ደጅ የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች መኪናቸውን ቶሎ ያልጣሉት ለዚህ ነው።

የደቡብ ጎንደር ሊቃውንት ደግሞ ለማሽን የሚከብድ ሌላ ነገር ነበራቸው። በጋይንት ያለው የቤተልሔም ጉባኤ ቤት የዜማ መጽሐፉ የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ድጓ ከፊደሉ በላይ ሌላ መስመር ይዟል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። እነዚህን የዜማ ምልክቶች የትኛውም የጽሕፈት መኪና አልያዛቸውም። ወደ ኮምፒውተሩ ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ከነተለዋጮቻቸውም አሥር ናቸው። እስከዚያ ድረስ የዜማ መጽሐፍ የሚያባዛ ሰው በብዛት የሚጠቀመው በእጅ ጽሑፍ ወይም በፎቶ ኮፒ ነበር። ፎቶ ኮፒ ማሽኑም ቢሆን ከርትሪጁ እየተሞላ፣ ሮለሩ እየተቀየረ የሚኖር ሌላው ጡረታ የማያውቅ ዕቃ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ የቁልፉ ችግር ወደ ማኅደረ ትውስታው ተዛወረ። የዚያን ጊዜ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ነበር፤ ግማሹን የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ትእዛዝ አስቀድሞ ይዞታል። ስለዚህ ፊደላችን በላቲን ቤት ተከራይ ሆኖ ገባ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው «ሰ» ነው፤ ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው ግን የአንድ የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ቁጥር ነው። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሸራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ሁሉም በየራሳቸው ሥርዓት ተከራዩ። ቦታው ያልበቃቸው ፊደሉን ለሁለት ፎንት አከፋፈሉት። በአጋፋሪ የተጻፈውን ቪዥዋል ግዕዝ አያነበውም፤ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈውም ለፓወር ግዕዝ ባዕድ ነው።

በ1992 ዓ.ም መባቻ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999፣ ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን የያዘ የራሱ ሰንጠረዥ ተሰጠው። ኪራዩ በወረቀት ደረጃ አበቃ። በጠረጴዛ ላይ ግን ዓመታት ፈጀ። በ1994 ዓ.ም የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከሲስተሙ ጋር ያቀረበው በ1999 ዓ.ም ለገበያ በበቃው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። ወረዳዎች ኮምፒውተር የለመዱት በእነዚሁ ዓመታት መካከል ነበር። ቃለ ጉባኤው፣ የበጀት ደብዳቤው፣ የደመወዝ ዝርዝሩ፣ የውሳኔ ግልባጩ በተከራይ ፊደል ተጻፈ፤ በፍሎፒ፣ በኋላም በፍላሽ እየዞረ ተቀመጠ።

የአሮጌው ኮምፒውተር ዕድሜ የረዘመው እዚህ ላይ ነው። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ፎንቱ በሌለበት አዲስ ላፕቶፕ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ፎንቱን ቀድቶ አዲሱ ላይ መጫን ለማንበብ ይረዳል። ለማረምና ለመጨመር ግን የመጻፊያው ፕሮግራም ራሱ ያስፈልጋል፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ ለ16 ቢት የተሠራ ፕሮግራም አያስኬድም። ስለዚህ ማይክሮሶፍት በመጋቢት 2006 ዓ.ም ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ሲያቆም፣ የቆየ ፋይል ያለበት ጽሕፈት ቤት ማሽኑን ለማሰናበት የሚያበቃ ምክንያት አላገኘበትም። ኢንተርኔት ላይ ያልተሰካ ኮምፒውተር የደኅንነት ማሻሻያ ቢቀርበት የሚፈራው በፍላሽ የሚገባ ቫይረስ ነው፤ እሱንም የሚያጸዳ ባለሙያ አይጠፋም።

የጠጋኙ ሥራ አብዛኛው ረቂቅ አይደለም። ኮምፒውተሩ እየጮኸ አልነሣም ሲል ራሙ ተነቅሎ የመዳብ ጥርሱ በላጲስ ይጸዳል። በየጊዜው ራሱን ሲያጠፋ የማቀዝቀዣው አቧራ ተጠርጎ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቅባት ይታደሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚወረወረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ቀድሞ የሚመታው ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ ያበጠው ካፓሲተር ተነቅሎ ከሌላ ከሞተ ማሽን በወጣ ይተካል። ከሦስት ሬሳ አንድ ነፍስ ያለው ኮምፒውተር ይወጣል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ባትሪ ስትሞት ደግሞ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካ ዘመኑ ይመለሳል። የወረዳው ጸሐፊ ቀኑን በዓ.ም በእጁ ስለሚጽፍ ደብዳቤው ላይ ስሕተቱ አይታይም፤ የሚዘበራረቀው የፋይሎቹ ቅደም ተከተል ነው። ኢንተርኔት ሲሰካ ግን ድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀታቸው ጊዜው እንዳልደረሰ ተቆጥሮ አንከፈትም ይላሉ፤ ጥፋቱም የዚያችው ባትሪ ነው።

አሮጌ ሆኖ የመጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአየርላንድ የተመሠረተው ካማራ ከድርጅቶች የተወገዱ ኮምፒውተሮችን እያደሰ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሲያቀርብ ኖሯል፤ ማሽኖቹ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሲስተምና ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የትምህርት ይዘቶች ተጭነውባቸው ነበር። አዲስ አበባ አቃቂ ላይም መንግሥት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚታደሱበት፣ የማይድኑት የሚፈቱበት ማዕከል አቋቁሞ ነበር። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም ማስተማር ሲጀምር ለከተማዋ አዳዲስ ማሽኖችን ብቻ አላመጣላትም፤ ኮምፒውተር ከፍቶ የማይፈራ ወጣትም ጨመረላት።

ከቢሮው ውጭ ደግሞ ሌላ ትውልድ በሌላ ማሽን፣ በፕሌይስቴሽን የጌም ማሽን ዙሪያ ተሰብስቧል። ከፕሌይስቴሽን በፊት በየመንደሩ ደጅ የነበረው ጆተኒ ነው፤ የእንጨት ሳጥን፣ የብረት ዘንግ፣ ትንሽ ኳስ፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ፕሌይስቴሽን ቤት ሲመጣ ሕጉን ከጆተኒ ወረሰ። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ ወንበሩ አግዳሚ ነው፤ ተራ ጠባቂው ከተጫዋቹ ይበዛል።

ፕሌይስቴሽን 2 በጃፓን ለገበያ የቀረበው በየካቲት 1992 ዓ.ም ነው። ሶኒ ምርቱን ያቆመው በ2005 ዓ.ም ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በዓለም ላይ ከወጡት የጌም ማሽኖች ሁሉ በሽያጭ የሚበልጠው አልተገኘም። ምርቱ ከቆመ በኋላም በ2006 ዓ.ም ፔስ 2014 የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ለዚሁ አሮጌ ማሽን ታትሞ ወጣ። በአውሮፓ ሰብሳቢዎች አሮጌውን ማሽን በናፍቆት የሳሎን መደርደሪያ ላይ ሲያኖሩት፣ በኢትዮጵያ ከተሞች ቀኑን ሙሉ እየሠራ የቤት ኪራይ ይከፍል ነበር።

ይህን የቻለው በአሠራሩ ነው። ጨዋታው በዲስኩ ላይ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ማሻሻያ አይጠይቅም፣ አካውንት አይከፈትበትም፣ ውጤቱ 8 ሜጋባይት በምትይዝ ሚሞሪ ካርድ ይቀመጣል። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አዳዲሶቹ ስልክና ላፕቶፕ ከሥራቸው ግማሹን አጡ፤ ዲስክ ለሚያነብ ማሽን ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ደካማ ጎኑ ሌንሱ ነው። ዲስኩን የሚያነበው ጨረር በአገልግሎት ብዛት ይዳከማል፤ የተቧጨረ ኮፒ ዲስክ ደግሞ ያባብሰዋል። ጠጋኙ መጀመሪያ ሌንሱን በጥጥ ይጠርጋል፤ ካልሆነ ከጎኑ ያለችውን የጨረር መቆጣጠሪያ ብሎን በጥቂቱ ያዞራል። ኃይሉ ሲጨመር ማሽኑ ያነባል፤ በዚያው ልክ የሌንሱ ዕድሜ ያጥራል። የመጨረሻው መፍትሔ ሌንሱን ጭራሽ መተው ነው። በልዩ ሁኔታ በተዘጋጀ ሚሞሪ ካርድ ማሽኑን አስነሥቶ ጨዋታውን ከፍላሽ ወይም፣ በመጀመሪያው ወፍራም ሞዴል፣ ከሃርድ ዲስክ መጫን ይቻላል። ጆይስቲኩም እንዲሁ ነው፤ የሚሞተው ከቁልፉ ሥር ያለው ጎማ ስለሆነ ከሌላው ተፈትቶ ይለወጣል።

ቢሮውና ጌም ቤቱ አሮጌውን ያቆዩበት ምክንያት ተመሳሳይ ቢሆንም መውጫቸው ይለያያል። ጌም ቤቱ ፕሌይስቴሽን 3 ወይም 4 ሲገዛ የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው፤ ፔስን በአዲሱ ይጫወታል። ቢሮው ግን ፋይሉን ይዞ መሻገር አለበት። ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2018 ዓ.ም ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ማቆሙ ደግሞ ሌላ የኮምፒውተር ትውልድ ወደዚሁ ተራ ጨምሯል።

የቆየውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። መቀየሪያው ግን ፋይሉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ማወቅ ይኖርበታል። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት የግዕዝ ፎንትና እንግሊዝኛ ተደባልቀው ከተገኙ፣ የፎንቱ መረጃ ከጠፋም፣ የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ትርጉም የሌለው አማርኛ ሆኖ ይወጣል። የሰው ስም፣ የቦታ ስምና የይዞታ ስፋት በያዘ ሰነድ ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ስለዚህ የመቀየር ሥራ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይፈልጋል፤ አሮጌው ዋናውን በትክክለኛ ፊደሉ ያሳያል፣ አዲሱ የተቀየረውን ያቀርባል፣ ጸሐፊዋም መስመር በመስመር ታመሳክራለች። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በመዝገብ ቤት ከተገኘ ሦስተኛ ምስክር ይሆናል፤ ካልተገኘ ግን የአሮጌው ኮምፒውተር ስም ከንብረት መዝገቡ የሚሰረዘው ማመሳከሩ ካለቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።