ስለ ጥንታውያን ትንንሽ ፒያኖዎችና ስለ መታደሳቸው

ፒያኖ የሚባለውን የዜማ ዕቃ በ1700 ዓ.ም. ገደማ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ የፈለሰፈው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው። ወደ ነጋዴውና ወደ ጸሓፊው ቤት ያገባው ግን ከጀርመን አገር መጥቶ በሎንዶን የተቀመጠው ጠራቢ ዮሐንስ ዙምፔ ነው።

ከዙምፔ የእጅ ሥራ እስከ ዛሬ ከቆዩት ቀዳሚዎቹ በ1766 የተሠሩ ናቸው። መልካቸው እንደ ሣጥን ነው፤ ርዝመታቸው ሁለት ክንድ ተኩል፥ ወርዳቸውም አንድ ክንድ ያህል ነውና ሁለት ሰው አንሥቶ ይወስዳቸዋል። እንደ ዛሬው ፒያኖ የብረት ደጋፊ የላቸውም፤ የአውታሩን ውጥረት ሁሉ የሚችለው እንጨቱ ብቻ ነው። አውታሩን የሚመታውም መዶሻ እጅግ ትንሽ ሆኖ ቁርበት የለበሰ ነው። ስለዚህ ድምፃቸው አዳራሽ አይሞላም፤ ቀጭንና ጥርት ያለ፥ ለእልፍኝ የሚስማማ ነው። በ1768 የታላቁ ባኅ ልጅ ዮሐን ክርስትያን ባኅ በሎንዶን በሕዝብ ፊት ብቻውን ፒያኖ በመታ ጊዜ መሣሪያው ከእነዚህ ሣጥኖች አንዱ እንደ ነበረ ይታመናል። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ፒያኖ ከሠለጠነ በኋላ ግን ተናቁ፤ ብዙዎቹም ሆዳቸው ወጥቶ የመጻፊያ ጠረጴዛ ሆኑ።

የተረፉትን ላድስ ብሎ የሚነሣ ሰው ፈተናው ብዙ ነው። ከውጥረቱ ብዛት ሣጥኑ ተጣሟል፤ ድምፅ የሚሰጠው ሳንቃ ተሰንጥቋል፤ ጨርቁን ብል በልቶታል፤ ቁርበቱም ደርቋል። ችኩል አዳሽ የዛሬውን ጠንካራ ሽቦ ወጥሮ በዛሬው ቅኝት ልክ ያከረዋል፤ በቁርበቱም ፈንታ የተጠቀጠቀ ሱፍ ያለብሰዋል። ዕቃው ይጮኻል፤ ነገር ግን የሚጮኸው የዙምፔ ድምፅ አይደለም፤ ሣጥኑም ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ይጣመማል። ለዚህ ነገር በገናችን ምስክር ነው፤ እንዚራ የተባለው ቁራጭ ቁርበት ከአውታሩ ሥር ቢወጣ፥ እንጨቱና ጅማቱ ሳይጐድል ያ የሚነዝረው ድምፅ ይጠፋል።

በክሪስቶፎሪም ሥራ የደረሰው ይኸው ነው። ከፒያኖዎቹ ዛሬ የሚታወቁት ሦስት ብቻ ናቸው። በ1720 የተሠራውና በኒው ዮርክ የሚገኘው ብዙ እጅ ገብቶበታል፤ በ1938 ሳንቃው እንኳ ሳይቀር ተለውጧል። ሲመቱት ይናገራል፤ ሆኖም በተሠራበት ቀን የነበረውን ድምፅ ሊነግረን አይችልም። በሮማ ያለው የ1722ቱና በላይፕሲግ ያለው የ1726ቱ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ሊቃውንት ግን የጥንቱን አሠራር ለመመርመር የሚሄዱት፥ ይልቁንም በላይፕሲግ ወዳለው፥ ወደ እነዚህ ዝምተኞች ነው። መለኪያውን ወስደው በአምሳሉ አዲስ ይሠሩና በአዲሱ ይመታሉ።

አስተዋይ አዳሽም የዙምፔን ሣጥን በከፈተ ጊዜ ያወጣውን ቁርበትና የተበጠሰውን ሽቦ አይጥልም፤ ከየትኛው መዶሻና ከየትኛው አውታር እንደ ወጣ ጽፎ ከዕቃው ጋራ ያኖረዋል።