ከቅኔ ቤት እስከ ቴሌግራም፦ የድርሰት ትምህርትና መሣሪያዎቹ

የጽሕፈት መሣሪያ በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ ድርሰትን የሚያበስለው ግን እርማት ነው። በዋድላ፣ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ተማሪው በቃሉ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቀናዋል፤ ጓደኞቹም ከእርማቱ ይማራሉ።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ፤ ድርሰትም በወረቀት ተጽፎ በተማሪውና በመምህሩ መካከል የሚቀር ሆነ። የአማርኛው የጽሕፈት መኪና የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለየብቻ እየመታ ስለሚገጣጥም መልኩን ያዛባው ነበር። ኮምፒዩተር ይህን አቃለለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ፊደላችን በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ቦታውን ያዘ።

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተቋቋመው የመንግሥት ሠራተኛን ለማሠልጠን ነው። ለዚህ ሠራተኛ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና ሪፖርት የዕለት ሥራው ናቸው፤ አንድ የተድበሰበሰ ዓረፍተ ነገር የባለጉዳይን መብት ያጓድላል። ስለዚህ ድርሰት ማስተማር ሕዝብን ማገልገል ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የመማሪያ ክፍሎች ሲዘጉ ቴሌግራምና ኢሜይል የብዙ መምህራንና ተማሪዎች መገናኛ ሆኑ። ዛሬም ተማሪው ቀኑን ሙሉ በስልኩ ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን አማርኛውን በላቲን ፊደል፣ ያለ አራት ነጥብ። ድርሰቱን ሠርቶ የሚሰጥ መሣሪያም በእጁ ገብቷል። ወቀሳ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ረቂቁ በቡድኑ ፊት ይቅረብ፤ ጓደኞቹ ይጠይቁት፤ መምህሩ ያርመው፤ ሁለተኛው ረቂቅ ከመጀመሪያው ጎን ይቀመጥ። ስልክ የሌለውም በወረቀት ይሳተፍ። ያን ጊዜ አዲሱ መሣሪያ የጥንቱን ጉባኤ ያድሳል።