ደጅ ጥናት በሃርቫርድ በር

ዛሬ ወደ አንድ ስመ ጥር የአሜሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ለማመልከት የሚነሣ ሰው የሚጠብቀው መንገድ የታወቀ ነው። ወራት የሚፈጅ የፈተና ዝግጅት፣ ከአለቆች የሚለመን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ስለ ራስ የሚጻፍ ድርሰት፣ ሃርቫርድ ከሆነ 250 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ፣ ከቀናውም ቃለ መጠይቅ። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። መልሱ የሚነገርበት ቀን ቀደም ብሎ ይታወቃል፤ እስከዚያ ድረስ ግን የቀረበው ማመልከቻ በምን ሚዛን እየተመዘነ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ብዙ ሰው ጥቂት ወንበር ሲሻማ ይህ የማይቀር ይመስላል። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ለሚመረምር ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤቶቹ በተመሠረቱባቸው ዓመታት ጭንቀቱ የአመልካቹ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ነበር። በኋላ ወንበሩ መጥበቡ እውነት ነው፤ ጥበቃውን ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያስያዘው ግን ትምህርት ቤቶቹ የመምረጥ ሥልጣናቸውን በግልጽ ደንብ ላለማሰር መወሰናቸው ነው።

ጅምሩን እንይ። በ1881 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጆሴፍ ዋርተን የተባለ የብረትና የኒኬል ከበርቴ ለፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ 100 ሺህ ዶላር ሰጥቶ በስሙ የሚጠራውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ1900 ዳርትመዝ ኮሌጅ የታክን ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1908 ደግሞ ሃርቫርድ ዛሬ ዓለም ኤምቢኤ ብሎ የሚጠራውን ዲግሪ ጀመረ። የሃርቫርዱ የመጀመሪያ ዲን ኤድዊን ጌይ የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር ነበር፤ ከሁለት ወገን ተጠምዶ ነው የሠራው። ፕሮፌሰሮቹ ንግድ በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል ሲባል አፍንጫቸውን ይነፉ ነበር፤ ነጋዴዎቹም ንግድ የሚለመደው መደብር ውስጥ ነው እያሉ ይሥቁ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት መቶ እንኳ አልሞሉም፤ ከእነሱም ከመደበኛዎቹ ይልቅ ዲግሪ የማይወስዱት «ልዩ ተማሪዎች» ይበዙ ነበር። ለዲግሪው ይፈለግ የነበረው ዋና ነገር የመጀመሪያ ዲግሪና የሚከፈለው ገንዘብ ነበር። በእውነተኛ የንግድ ጉዳዮች ላይ በመከራከር የሚማሩበትን የኬዝ ዘዴ ያስፋፋው ዋላስ ዶነም በ1919 ዲን ሆነ፤ የባንክ ባለሀብቱ ጆርጅ ቤከር በ1924 አምስት ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ በ1927ም ትምህርት ቤቱ ከቻርልስ ወንዝ ማዶ የራሱን ግቢ አገኘ። ክብር የመጣው ቀስ እያለ ነው።

«ድሮ በሩ ክፍት ነበር» የሚል ግን ለማን እንደሆነ ይጠየቅ። ወንፊቱ የተቀመጠው ቀደም ብሎ፣ ከመጀመሪያ ዲግሪው በር ላይ ነበር። በ1922 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት አቦት ሎረንስ ሎውል የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር እንዲገደብ ሐሳብ አቀረበ። በግልጽ የተነገረው ኮታ ተቃውሞ ሲገጥመው፣ በ1926 ኮሌጁ ከፈተና ውጤት በተጨማሪ ስለ አመልካቹ «ጠባይ»ና ስለ ሰብእናው መጠየቅ፣ ፎቶግራፍም ማስላክ ጀመረ። በኮታ ሊሠራ ያልተቻለው በዚህ መንገድ ተሠራ። ሶሲዮሎጂስቱ ጀሮም ካራቤል በ2005 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ታሪክ በዝርዝር አሳይቷል። ስለዚህ ምክንያቱ የማይነገር የግል ፍርድ በቢዝነስ ትምህርት ቤቶች አልተወለደም፤ ሳይናገሩ ለማግለል ከተሠራ ቤት የተወረሰ ዕቃ ነው። የዛሬዎቹ የቅበላ ሹሞች ለዚያ ዓላማ ይጠቀሙበታል ማለቴ አይደለም። ሴቶችን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነበር። ከ1937 ጀምሮ በሴቶቹ ኮሌጅ በራድክሊፍ የአንድ ዓመት ሥልጠና ተከፈተላቸው፤ በ1959 ያንን የጨረሱት ለኤምቢኤው ሁለተኛ ዓመት እንዲያመለክቱ ተፈቀደ፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንደ ወንዶቹ የገቡት በ1963 ነው፤ እነሱም ስምንት ብቻ ነበሩ። ከ1959 በፊት ለአንዲት ሴት የሃርቫርድን መልስ መጠበቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ መልሱ ሳይጠየቅ የታወቀ ነበር።

ሚዛኑን የለወጠው ጦርነቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃርቫርድ የሲቪል ትምህርቱን አቋርጦ መኮንኖችን ወደ ማሠልጠን ዞረ፤ በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው ወጣቱ ሮበርት ማክናማራም ለአየር ኃይሉ መኮንኖች ስታቲስቲክስ ካስተማሩት አንዱ ነበር። በ1944 የወጣው የቀድሞ ወታደሮች ሕግ የትምህርት ወጪያቸውን መንግሥት እንዲሸፍን አደረገ። ጦርነቱ ሲያልቅ ትምህርት ቤቶቹ በአመልካች ተጥለቀለቁ። በ1949 ከሃርቫርድ የተመረቁትን፣ ብዙዎቹ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ነበሩ፣ ፎርቹን መጽሔት በኋላ ዶላር የዘነበባቸው ብሎ ሰይሟቸዋል። ከብዛቱ ይበልጥ ትምህርት ቤቶቹን ግራ ያጋባቸው የአመልካቾቹ መነሻ ነበር። ድሮ የሚያውቁት ኮሌጅ የሚያውቁትን ልጅ በደብዳቤ ይልክላቸው ነበር፤ አሁን ስሙን ሰምተውት ከማያውቁት ኮሌጅ የመጣ «ኤ» ምን ያህል እንደሚመዝን በምን ያውቃሉ? በ1953 ሃርቫርድ፣ ኮሎምቢያ፣ ቺካጎና ዋርተን የሚገኙባቸው ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች ከፕሪንስተኑ የፈተና ድርጅት ከኤዱኬሽናል ቴስቲንግ ሰርቪስ ጋር መከሩ፤ በፌብሩዋሪ 1954 የመጀመሪያው የጋራ ፈተና ተሰጠ። በመጀመሪያው ዓመት ፈተናው የተወሰደው ከሁለት ሺህ ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ነው። በ1976 ጂማት የሚለውን ስም ያገኘው ይኸው ፈተና በኋላ በዓመት ከ200 ሺህ ጊዜ በላይ ይወሰድ ጀመር። በ1959 ደግሞ የፎርድና የካርኔጊ ተቋማት ያስጠኗቸው ሁለት የተለያዩ ሪፖርቶች በአንድ ዓመት ወጡ፤ ፍርዳቸውም ተመሳሳይ ነበር፦ የቢዝነስ ተማሪዎች ደካማ ናቸው፣ መመዘኛውም ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ አመልካችን መመለስ የጥራት ምልክት ሆነ።

እዚህ ላይ ትምህርት ቤቶቹ ሁለት መንገድ ነበራቸው። ከ200 እስከ 800 የሚደርስ አንድ ቁጥር በእጃቸው ገብቷል፤ «ከዚህ በላይ ያመጣ ይገባል» ብለው መቁረጫውን ቢያውጁ ጥበቃው በዚያው ባበቃ ነበር። ስመ ጥሮቹ ይህን አላደረጉም። ምክንያታቸው ደግሞ የሚናቅ አይደለም። በኬዝ ዘዴ መምህሩ ብቻውን አያስተምርም፤ በሃርቫርድ አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠና ያህል ተማሪዎች ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ከማርኩም ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ተሳትፎ ነው። የፋብሪካ መዘጋት በሚነሣበት ቀን ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ከሌለ ክርክሩ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ዘጠና ከፍተኛ ውጤት ሳይሆን ዘጠና የተለያየ ሰው ነው ይባላል። በ1985 ሃርቫርድ ይህን አስተሳሰብ እስከ ዳር ወሰደው፤ ጂማትን ጨርሶ መጠየቅ አቆመና እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ያለ ፈተናው በድርሰት፣ በደብዳቤና በሥራ ታሪክ መረጠ። ለትምህርቱ ይህ ይበጅ ይሆናል። ለአመልካቹ ግን ራሱን የሚለካበትን አንዲት ቁጥር እንኳ ከእጁ የነጠቀ ነበር፤ ለሚጽፈው ድርሰትም እርማት የሚሰጥ የለም፤ መልሱ ይመጣል፣ ምክንያቱ አይመጣም።

ለጥበቃው የሚሰጠው የተለመደ መከላከያ ጥንቃቄ ጊዜ ይፈልጋል የሚል ነው። ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ማመልከቻ ለማንበብ ወራት ያስፈልጋሉ፤ ይህን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ የንባቡ ርዝመት መልሱ ለምን ለሁሉም በአንድ ቀን እንደሚለቀቅ አያስረዳም። የኮሎምቢያ የቢዝነስ ትምህርት ቤት እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ማመልከቻዎችን በመጡበት ተራ እያየ ይመልስ ነበር፤ ሌሎቹ ዙር ከፍለው፣ ሁሉን ከሁሉ አስተያይተው ይወስናሉ። በዚህ መሐል የሚተርፈው ትርፍ የትምህርት ቤቱ ነው። ተጠባባቂ ተብለው የሚያዙትን እንውሰድ። አልተቀበሏቸውም፣ አልመለሷቸውምም፤ የተቀበሉት ሰው ወደ ሌላ ቤት ቢሄድ ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር በእጅ የሚያዙ ናቸው። ያልታወቀው ነገር ሸክም በሙሉ በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መጽሔቶች ደረጃ ሲያወጡ ደግሞ ሌላ ጥቅም ተጨመረ፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ዩኤስ ኒውስ የገቡትን ተማሪዎች የፈተና ውጤትና ከአመልካቾቹ ስንት በመቶው ተቀባይነት እንዳገኘ በመመዘኛነት ስለሚቆጥር፣ የሚመለሰው ሰው ቁጥር በራሱ ሀብት ሆነ። በእኛ አገር በነገሥታቱ ዘመን ሹመት ፈላጊ ደጅ ሲጠና የጌታው ትልቅነት ከደጁ በቆመው ሰው ብዛት ይታይ እንደነበረው መሆኑ ነው።

የጥበቃው ባለቤት ማን እንደሆነ በግልጽ የታየው በማርች 2005 ነው። በዚያን ጊዜ ሃርቫርድና ሌሎች በርካታ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት አፕላይ ዩርሰልፍ በተባለ አንድ ኩባንያ ሶፍትዌር በኩል ነበር። አንድ ስሙን የደበቀ ሰው ውሳኔን ከቀኑ በፊት ማየት የሚቻልበትን ዘዴ ሌሊት ላይ በኢንተርኔት አወጣ፤ አመልካቹ በራሱ የይለፍ ቃል ይገባል፣ ከገጹ ኮድ ውስጥ የመለያ ቁጥሩን ይገለብጣል፣ ከአድራሻው መስመር ላይ ይለጥፋል፤ ውሳኔው ተጽፎ ከሆነ ያያል። ቀዳዳው ለሰዓታት ክፍት ቆይቶ ተደፈነ። ብዙዎቹ ያዩት ባዶ ገጽ ነበር፤ አንዳንዶቹ አለመቀበላቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አዩ። የሃርቫርዱ ዲን ኪም ክላርክ ነገሩን የሥነ ምግባር ጉድለትና የእምነት መጣስ አድርጎ ወስዶ ያጮለቁትን 119ኙንም አመልካቾች እንደማይቀበል አስታወቀ፤ የኤምአይቲው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ስሎንም ተከተለ። የዳርትመዙ ታክ ግን እያንዳንዱን ለየብቻ አይቶ ጥቂቶቹን ተቀበለ። ኤንሮንን በመሰሉ የኩባንያ ቅሌቶች ማግሥት የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ስለ ሥነ ምግባር ጥብቅ ለመሆን መፈለጋቸው አይገርምም፤ በተዘጋ በር ቀዳዳ ማጮለቅም ተገቢ አልነበረም። ቅጣቱ ግን ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም። የሌላ ሰው ማህደር አልተነካም፤ ውሳኔም አልተለወጠም። የተነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልሱ መቼ እንደሚነገር የመወሰን ሥልጣን። ታክ ፍርዱን በየሰዉ ልክ አድርጎ መስጠት መቻሉም ሃርቫርድ ሌላ አማራጭ አጥቶ እንዳልነበር ያሳያል።

ታዲያ ሁሉንም በፈተና ቆርጦ መገላገል አይሻልም ወይ? ብሔራዊ ፈተና ተፈትኖ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ጥያቄ ቅርብ ነው። በውጭም ምሳሌ አለ። ዋርተን በተመሠረተበት በዚያው በ1881 ፓሪስ ላይ የተቋቋመው ኤችኢሲ ፈረንሳውያን ተማሪዎቹን ለረጅም ዘመን የመረጠው በውድድር ፈተና ነው። በ1961 በሃርቫርድ እገዛ የተቋቋመው የአህመዳባዱ የህንድ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት እንኳ የረዳውን ቤት መንገድ ሙሉ ለሙሉ አልተከተለም፤ መነሻው የጋራ ፈተና ነው፣ ቃለ መጠይቁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በህንድም ከ200 ሺህ በላይ ተፈታኝ በአገሪቱ የማኔጅመንት ኢንስቲትዩቶች ሁሉ ላለው ጥቂት ሺህ ወንበር ይጋፋል፤ ፈተና ውድድሩን አያቀለውም፣ አስጠኚ ለመቅጠር አቅም ያለውንም መጥቀሙ አይቀርም። የሚለውጠው የጥበቃውን ዓይነት ነው። ተፈታኙ የሚጠብቀው ወረቀቱን ባስረከበበት ሰዓት ያለቀለትን ነገር ነው፤ ቢወድቅ በስንት ነጥብ እንደወደቀ ያውቃል፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን ማሻሻል እንዳለበትም ይገባዋል። የሃርቫርድ አመልካች የሚጠብቀው ግን የሰዎች ፈቃድ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛውን ወደ ክፍል የሚያመጣው የግል ፍርድ የሚያስወጣው ዋጋ ይህ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ አንዱ ወገን ብቻ መሆኑ ነው የሚያከራክረኝ።

ጥበቃው ከትምህርቱ ሳይሆን ከመምረጡ ጋር የተሣሠረ ለመሆኑ የቅርቡ ጊዜ ጥሩ ማስረጃ ሰጥቷል። ከስመ ጥሮቹ በታች ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤ ተማሪ እያነሣቸው ሲሄድ የጂማት መስፈርትን ማላላት ያዙ። አዮዋ በ2017 የሙሉ ጊዜ ፕሮግራሙን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ኢሊኖይ በ2019 ያንኑ ውሳኔ ሲወስን ኃይሉን ያዞረው ኮርሴራ በተባለው መድረክ በኩል ወደሚሰጠው የኢንተርኔት ኤምቢኤ ነበር፤ ክፍያው በዚያን ጊዜ በጠቅላላ ከ25 ሺህ ዶላር ያነሰ፣ ኮርሶቹንም ማንም ሳያመለክት ሊጀምራቸው የሚችል። ሒሳቡ፣ ፋይናንሱ፣ ማርኬቲንጉ እዚያም ያው ነው። «የኢሊኖይ ዲግሪ የሃርቫርዱ የሚከፍተውን በር አይከፍትም» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ትክክልም ነው። ቀጣሪው ከሁለቱ ምሩቃን አንዱን የሚያስቀድመው አንዱ በሒሳብ ስለሚበልጥ ላይሆን ይችላል፤ አሥር ሰው በጠየቀበት በር ዘጠኙ ያህል መመለሳቸውን ስለሚያውቅ ነው። ኢሊኖይ በሩን ሲያሰፋ ሃርቫርድ ከአሥር አንዱን ያህል ብቻ እየተቀበለ ቀጥሏል፤ ከ2007 ወዲህ ደግሞ ገና ኮሌጅ ላይ ያሉትን ተቀብሎ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሠርተው እንዲመጡ የሚያቆይበትን ፕሮግራም ጨምሮበታል።