የጭር ያሉ መንገዶች አመጣጥ በፈረንሳይ የወንዝ ሸለቆዎችና ደኖች

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከካኦር ከተማ ተነሥቶ የሎትን ወንዝ ሽቅብ እየተከተለ ወደ ሴን ሲር ላፖፒ የሚጓዝ ብስክሌተኛ፣ ዋናውን መንገድ ትቶ ጠባቦቹን የገጠር አስፋልቶች ከመረጠ፣ ከመኪና ድምፅ ይልቅ የወንዙን ድምፅ እየሰማ ብዙ ርቀት ሊሄድ ይችላል። ይህን ጸጥታ ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ የቆየ የገጠር ሕይወት ቅሪት አድርጎ መቁጠር ቀላል ነው። መዛግብቱ ግን ሌላ ይናገራሉ። እነዚህ መንገዶች ሲቀየሱ ጸጥታ የማንም ዓላማ አልነበረም፤ የተዘረጉት ለሕዝብ ብዛት፣ ለጭነትና ለገበያ ነበር። ጸጥታው የመጣው ሕዝቡም ጭነቱም ከሄዱ በኋላ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ በቅደም ተከተል እንመረምራለን፤ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወንዙንም የደኑንም ታሪክ ከአንድ ሰነድ መጀመር ይቻላል። የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር የነበረው ዣን ባቲስት ኮልቤር በ1669 ያስወጣው የውሃና የደን ድንጋጌ በአንድ በኩል የዛፍ አቆራረጥን ሥርዓት አስያዘ፤ በሌላ በኩል ጀልባ በሚመላለስባቸው ወንዞች ዳር መሬት ያላቸው ሁሉ ለንጉሡ መንገድና ለጀልባ ጎታች ፈረሶች 24 ጫማ ስፋት እንዲለቁ፣ ጀልባ በሚጎተትበት ወገን ደግሞ ከ30 ጫማ በቀረበ ስፍራ ዛፍ እንዳይተክሉና አጥር እንዳያጥሩ አዘዘ። ዛሬ ብስክሌተኞች በወንዞች ዳር የሚጓዙባቸው የጀልባ መጎተቻ መንገዶች በሕግ ረገድ ከዚህ ትእዛዝ የሚወለዱ ናቸው። ድንጋጌ መውጣቱ ግን መፈጸሙን አያረጋግጥም፤ ይህን ልዩነት ከዚህ በታች ደጋግመን እናገኘዋለን።

በማዕከላዊ ፈረንሳይ፣ በአሊየ አውራጃ የሚገኘውና ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍነው የትሮንሴ ደን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በስፋት የሚተረከው ታሪክ ኮልቤር ለንጉሡ መርከቦች እንጨት እንዲሆኑ ያስከበራቸው የኦክ ዛፎች እነሆ እስከ ዛሬ ቆመዋል የሚል ነው። ትረካው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ከዚያ ዘመን የቆዩ ዛፎች ያሉበት ጥቂት ሄክታር ስፍራ አሁንም አለ፣ በኮልቤርም ስም ይጠራል። ነገር ግን በ1788 ኒኮላ ራምቡር በደኑ ውስጥ የብረት ማቅለጫ እንዲያቋቁም ተፈቀደለት፤ ምድጃዎቹ የፈለጉት የእንጨት ከሰል የደኑን ሰፊ ክፍል በላው። ደኑን መልሶ የማልማት ሥራ በጽኑ የተጀመረው በ1830ዎቹ ነው። ስለዚህ ብስክሌተኛው በትሮንሴ የሚያልፍበት ጥላ በአመዛኙ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደን ጠባቂዎች ሥራ ነው ብንል ለመዛግብቱ የቀረበ ፍርድ ይሆናል። ለኮልቤር የሚሰጠው ክብር ሳይነካ፣ ስማቸው ለማይነሣው ለእነዚያ ሰዎችም ድርሻቸው ሊሰጣቸው ይገባል።

የገጠሩን መንገድ በተመለከተ ወሳኙ ዓመት 1836 ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር የወጣው ሕግ መንደርን ከመንደርና ከገበያ ከተማ የሚያገናኙ መንገዶችን ማሠራትና መጠገን ለየገጠሩ ማዘጋጃ ቤት ግዴታ አደረገ። ለሥራውም ከ18 እስከ 60 ዓመት ያለ አቅመ ደኅና ወንድ በዓመት እስከ ሦስት ቀን በጉልበቱ እንዲሠራ፣ ወይም ዋጋውን በገንዘብ እንዲከፍል ፈቀደ። በየአውራጃው የመንገድ ሹሞች ተሾሙ። የሕጉ ፍሬ መቼ ታየ በሚለው ላይ ግን ሊቃውንቱ አይስማሙም። ዩጂን ዌበር በ1976 ባሳተመው ዝነኛ ጥናቱ፣ ታላላቆቹ መንገዶች የመንግሥትንና የከተሞችን ጉዳይ ያገለግሉ እንደ ነበር፣ ገበሬው ለራሱ የሚሆን መንገድ በእውነት ያገኘው በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ አካባቢ እንደ ሆነ ይከራከራል። ሌሎች ገበሬው ከዚያ በፊትም ከገበያው የተቆራረጠ እንዳልነበረ በመግለጽ ይህ ፍርድ የተጋነነ ነው ይላሉ። እኛ ሁለቱን ስንመዝን፣ ሕጉ መሠረቱን በ1836 እንደ ጣለ፣ በ1868 የወጣው ሌላ ሕግ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ድጎማ ባያመጣለት ኖሮ ግን መረቡ ወደ ድሆቹ ተራራማ አውራጃዎች ለመድረስ እጅግ በዘገየ ነበር ብለን እናምናለን።

ወደ ሎት እንመለስ። ከሎዜር ተራሮች ተነሥቶ በኤጊዮን ከጋሮን ጋር እስኪቀላቀል ወደ 485 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ይህ ወንዝ የካኦርን ወይንና የዴካዝቪልን የድንጋይ ከሰል ወደ ቦርዶ ያወርድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መንግሥት ወንዙን በግድቦችና በውሃ በሮች ለጀልባ ለማመቻቸት ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ፤ በቡዚየስ አጠገብ በጋኒል፣ ገደሉ ከውሃው ጋር ፊት ለፊት በሚገጥምበት ስፍራ፣ ከ1843 እስከ 1847 ድረስ የጀልባ መጎተቻው መንገድ ከአለቱ ውስጥ ተፈልፍሎ ወጣ። ያን ያህል ድካም የፈሰሰበት ሥራ ለምን በቶሎ ከንቱ ሆነ? ሸለቆውን ብቻ የሚመለከት ሰው ካኦርንና ካፕደናክን ያገናኘውን የ1886 የባቡር መሥመር ተጠያቂ ሊያደርግ ይችላል። ቀኖቹን ስናነጻጽር ግን ሌላ ምክንያት ይቀድማል፦ ከሞንቶባን ወደ ካፕደናክ የተዘረጋው ሐዲድ በ1858 ተከፍቶ ስለ ነበር፣ የድንጋይ ከሰሉ ወንዙን ሳይነካ የሚወጣበት በር ያኔውኑ ተገኝቷል። የሸለቆው ባቡር የደረሰው ደክሞ የነበረ ንግድ ላይ ነው። በዚያ ላይ ፊሎክሴራ የተባለው የወይን ሥር ተባይ የካኦርን የወይን እርሻ አወደመው። በ1926 ሎት ጀልባ ከሚሄድባቸው ወንዞች መዝገብ ተሰረዘ።

ሕዝቡም አብሮ ሄደ። በ1851 በተደረገው ቆጠራ የሎት አውራጃ ነዋሪዎች 296 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ 175 ሺህ ያህል ናቸው። በሰሜን ያለው ክሮዝ ከ287 ሺህ ወደ 115 ሺህ ገደማ ወርዷል፤ የሎዜር ቁጥርም በግማሽ ያህል ቀንሷል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ተቃርኖ አለ። የመንገዱ መረብ ከተጠናቀቀባቸው ዓመታት ውስጥ ብዙዎቹ ሕዝቡ መጉደል ከጀመረ በኋላ የመጡ ናቸው። ገበሬውን ከገበያ ሊያገናኝ የተሠራው መንገድ ልጁን ወደ ባቡር ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ አደረሰው። መንገዱ ብቻውን አሰደደው ማለት ግን አይቻልም፤ የወይኑ ጥፋት፣ የከተማ ደመወዝ፣ ቀጥሎም የአንደኛው የዓለም ጦርነት እልቂት እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው።

ብስክሌቱ በዚህ ባዶ እየሆነ በመጣ አገር ላይ ደረሰ። ብዛቱን የምናውቀው ከ1893 ጀምሮ በተጣለበት ግብር ነው፦ በ1900 ወደ 1 ሚሊዮን፣ በ1914 ከ3 ሚሊዮን በላይ። የግብር መዝገብ የከፈለውን እንጂ ያለውን ሁሉ ስለማይቆጥር እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ከፍ ማለት አለበት። ከሸለቆው ወለል ወደ አምባው የሚያወጡትን ዳገቶች ለተራ ብስክሌተኛ የከፈተው ግን የማርሽ መቀያየሪያው ነው፤ ለዚህም በቬሎሲዮ የብዕር ስም የሚታወቀው ፖል ደ ቪቪ ያደረገው ትግል ሊዘነጋ አይገባም። በ1853 የተወለደው ይህ የሴንት ኤትየን ሰው በ1887 በመሠረተው መጽሔት አማካይነት ስለ ጉብኝት ብስክሌትና ስለ ብዙ ማርሽ ዕድሜውን ሙሉ ሰብኳል፤ የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች መቀያየሪያውን ለተወዳዳሪዎች ሁሉ የፈቀዱት እርሱ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1937 ነው።

በ1936 ሠራተኛው የሁለት ሳምንት ደመወዝ ያለው ዕረፍት ሲያገኝ፣ በጥንድ ብስክሌት ወደ ገጠር የሚጎርፉ ባልና ሚስቶች ፎቶግራፍ የዘመኑ ምልክት ሆነ። ፎቶግራፎቹ አይዋሹም፤ ሆኖም በዚያው ዓመት በቅናሽ የባቡር ቲኬት የተጓዙት ወደ 600 ሺህ ሰዎች መሆናቸውንና ብዙ ሠራተኛ ከቤቱ ሳይወጣ ማረፉን ስናይ፣ የተመረጠውን ሥዕል ለመላው ሕዝብ ከማዋል መቆጠብ አለብን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና በዛ፤ የ1955ቱ ሕግ የፈጣን መንገዶችን ግንባታ አመቻቸ፤ ረጅሙ ጉዞና ከባዱ ጭነት ቀስ በቀስ ወደ እነርሱ ተሳበ። የገጠሩ መንገድ ሳይፈርስ ተለቀቀ።

መንግሥት ይህን ቅሪት እንደ ሀብት ማየት የጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1997 በቡርጎኝ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ የተዘጋ ሐዲድ ለብስክሌተኞችና ለእግረኞች ተከፈተ፤ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው መንገድ ተብሎ ይጠቀሳል፣ በአንሲ ሐይቅ ዳር ግን ከእርሱ የቀደመ እንዳለ መታወስ አለበት። አገር አቀፉ የብስክሌት መንገዶች ዕቅድ በታኅሣሥ 1998 ጸደቀ፤ ሞተር የማይገባባቸው እነዚህ መንገዶች በትራፊክ ደንቡ ስፍራ ያገኙት በ2004 ነው። በሎት ሸለቆ ምልክት የተደረገበት የብስክሌት መሥመር ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚያልፈው ከመኪና ጋር በሚጋሩት በእነዚያው የገጠር መንገዶች ላይ ነው፤ የጥገናቸውም ወጪ ያረፈው በአውራጃው ምክር ቤትና ነዋሪያቸው በሳሳ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች ላይ ነው።